ጎንደር የተቃጠለችው ሁለት ጊዜ ነው
(ፒያሳ ላይ በነበረን የወጣቶች ውይይት ያቀረብኩት ንግግር)

 

ዛሬ የማወራችሁ ስለ እሳት ነው። አንዱን እሳት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጥር 1880 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሳር ውኃ ላይ በደርቡሽ ጦር ተሸነፉ። የአቡ አንጃ ሠራዊት ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፣ ሕዝቡን ማርኮ ነዳ። በዓመቱ አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። ይህን በየጊዜው እንለጥፋለን፣ እናጋራለን። እሰየው፣ መረሳት የለበትም።

ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፦ ደርቡሽ ሲገባ ያገኛት ጎንደር ሙሉ ነበረች እንዴ?

አልነበረችም። ከዚያ 21 ዓመት በፊት፣ ኅዳር 1859 ዓ.ም.፣ ጎንደር ተዘርፋ ተቃጥላ ነበር። ያቃጠላት ደግሞ ባዕድ አይደለም። የብዙዎቻችን የፕሮፋይል ፎቶ የሆነው መይሳው ካሳ፣ አፄ ቴዎድሮስ ነው።

ፊታችሁን አትቋጥሩብኝ! እኔም ስሙን እየጠራሁ ነው ያደግኩት። በ1847 ዓ.ም. ስሜን ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ የጫነው ንጉሥ ኢትዮጵያን አንድ ላድርግ ብሎ ተነሣ፤ ይህ እውነት ነው። አገሩ ሲሸፍትበት፣ ቁጣው ሲያይል የገዛ ከተማውን በእሳት መልቀቁም እውነት ነው። ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የተጫኑ መጻሕፍት መቅደላ ገቡ። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. እንግሊዝ መቅደላን ሰብሮ ዘረፈ፤ 350 ገደማ የብራና መጻሕፍት ለንደን ሙዚየም ደረሱ። «ይመልሱልን!» እንላለን፣ ልክም ነን። መቅደላ እንዴት እንደደረሱ ግን አንጠይቅም።

ይህን የማነሣው ጀግናችንን ላሳንስ አይደለም። ዛሬም የሚያናድደን ብዙ ስላለ ነው። እኔ ዲግሪዬን ይዤ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር መቆም ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ተናድጄ አውቃለሁ። ጎማ ሲነድ አጠገቡ ቆሜም አውቃለሁ። ከመንገዱ ማዶ የአንዲት እናት የጉልት ሸራ ነበር። ነፋሱ ቢዞር ኖሮ የሚቃጠለው እሱ ነበር። ያን ቀን ሸራውን አላየሁትም። ማታ ቤቴ ስገባ ነው ትዝ ያለኝ። ቁጣ እንዲህ ነው፤ የማንን ቤት እንደሚያቃጥል አያይም።

አሁን ደብረ ብርሃን ሥላሴን አስቡ። አባቶች እንደሚተርኩት ከደርቡሽ ያተረፋት የንብ መንጋ ነው። ያ የመላእክት ፊት የተሣለበት ጣሪያ ግን እንጨት ነው። ዛሬ አንድ ሻማ ቢወድቅ፣ አንድ ገመድ ቢቀልጥ ንቦቹ እኛ ነን።

ስለዚህ ሦስት ነገር ልለምናችሁ። በየሰፈራችሁ ወዳለው ደብር ሂዱና በርሜል ውኃ፣ ባልዲ አሸዋ መኖሩን አስተዳዳሪውን በትሕትና ጠይቁ። ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ጓደኛ ካላችሁ ያረጀውን ገመድ ያሳያችሁ። ካህናቱ ከፈቀዱ ብራናውን ገጽ በገጽ በስልክ አንሥታችሁ ቅጂውን ለደብሩ ስጡ። ፌስቡክ ላይ ግን አትለጥፉት፤ ሌባም ያያል።

ሥራ የለንም እንጂ ጊዜ አለን። ለታናናሾቻችሁም ሁለቱንም እሳት ንገሯቸው።