ሁለት መልክ፣ ሦስት ስም

በምሥራቅ ሪያድ፣ ራውዳ የምትኖሩ ወገኖች በየዕለቱ የምትሰሙት ዐረብኛ መምህራንን «ሙደሪሲን» ይላል። መምህራኑ ቢመጡም፣ ብናያቸውም፣ ከእነሱ ጋር ብንሄድም ቃሉ አይለወጥም። በዜናው ዐረብኛ ግን ባለቤት ሲሆኑ «ሙደሪሱን»፣ ተሳቢ ሲሆኑ ወይም መስተዋድድ ሲቀድማቸው «ሙደሪሲን» ናቸው።

መልኩ ሁለት ነው። የዐረብኛ ሊቃውንት ግን ሦስት ስም ይሰጡታል፦ ረፍዕ (ለባለቤት)፣ ነስብ (ለተሳቢ)፣ ጀር (መስተዋድድ ሲቀድም)። ለምን? መጽሐፍ የሚለው ስም ሦስቱንም በድምፅ ስለሚለይ፦ አልኪታቡ፣ አልኪታበ፣ አልኪታቢ። አንድ ቦታ በግልጽ የታየው ልዩነት፣ መልኩ ለተቀላቀለበትም ስም ያወጣለታል። በ8ኛው መቶ ዘመን የኖረው የዐረብኛ ሰዋስው ሊቅ ሲበወይህ ደግሞ እንደ ሙያው የሚለዋወጠውን መድረሻ ድምፅ ከማይለዋወጠው በስም ሳይቀር ለይቶታል። እጅግ የማደንቀው ጥንቃቄ ነው።

የእኛው ግእዝስ? «ንጉሥ» ተሳቢ ሲሆን «ንጉሠ» ይባላል፤ «ንጉሠ ኢትዮጵያ» ስንልም ያው «ንጉሠ» ነው። መልኩ አንድ፣ ሥራው ሁለት። በቅኔ ቤት የመጀመሪያው ተሳቢ ነው፤ ሁለተኛው ኢትዮጵያን ዘርፍ አድርጎ የያዘ፣ የዘርፉ ባለቤት ነው። ስያሜው ሥራውን ተከተለ እንጂ ድምፁን አልተከተለም።

ይህ ትክክለኛ መንገድ ይመስለኛል፤ ግን ወሰን አለው። የራውዳ የመንገድ ዐረብኛ በስሞቹ መድረሻ ላይ ሦስቱን ሙያዎች የትም አይለይም። ስለዚህ ሦስቱን የጥንት ስሞች በእሱ ላይ መጫን አይገባም።