ለዜና መጽሔታችን ጽሑፉ ከየት ይመጣል?

(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ስለ ዜና መጽሔት ዝግጅት አጠር ያለ ንግግር እንዳደርግ ጠይቆኛል። በየማኅበሩ መጽሔት የሚያዘጋጁ ሰዎች ሁልጊዜ የሚያነሱት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ገጹን በምን እንሙላው?» የሚል። መልሴን ከወዲሁ ልናገር። ጽሑፉ እዚህ አዳራሽ ውስጥ፣ እናንተው ዘንድ ነው ያለው።

በአገራችን የመጀመሪያው የአማርኛ ጋዜጣ የሚባለው «አእምሮ» ከመቶ ዓመት በፊት አዲስ አበባ ላይ ሲጀመር፣ አዘጋጁ እንደ እኛ ከአገሩ ርቆ የሚኖር ሰው ነበር፤ አንድሬያስ ካቫዲያስ የተባለ የግሪክ ተወላጅ። ስሙን ያወጡለት ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ናቸው። ጋዜጣው መጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ብቻ ነበር የሚሰራጨው። ከእርሱ ቀደም ብሎም ብላታ ገብረ እግዚአብሔር በእጃቸው የጻፏቸውን ወረቀቶች ያሰራጩ ነበር። ዛሬ ኮምፒዩተሩም ማተሚያውም አለን። የቸገረን መሣሪያ አይደለም።

ብዙ የማኅበር መጽሔቶች የሚደክሙት ከሌላ ቦታ በተገለበጠ ጽሑፍ ሲሞሉ ነው። የአዲስ አበባውን ዜና አባላችን ከእኛ ቀድሞ ከቴሌቪዥን ሰምቶታል። የጅቡቲውን «ላ ናስዮን» ጋዜጣ ጽፎታል። ሁለቱም የማይጽፉት የእኛን ኑሮ ነው። እኛም ካልጻፍነው ማንም አይጽፈውም።

ምሳሌ ልጥቀስ። የባቡር ሐዲዱ ሥራ ከዚህ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀምሮ፣ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ መድረሱን መጻሕፍት ይነግሩናል። በአሮጌው ባቡር ስትመላለስ የኖረች እናት ግን በየጣቢያው ምን ይሸጥ እንደነበር፣ ደወሌ ላይ ፍተሻው እንዴት እንደነበር፣ ለልጆቿ ምን ቋጥራ ትመለስ እንደነበር ታውቃለች። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር እ.ኤ.አ. በጥር 2017 እዚህ ሲመረቅ ጣቢያው ናጋድ ሆነ። የአሮጌውን ባቡር ፉጨት ያልሰሙ ልጆች አድገዋል። የሚነግራቸው ሰው ደግሞ በየዓመቱ እየቀነሰ ነው።

ሌላውም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ የአገራችን ጭነት ወደ ጅቡቲ ወደብ ሲዞር፣ የጋላፊ መንገድ በከባድ መኪና ተጨናነቀ። ፔካ 12 ላይ የሚያርፉት ሾፌሮቻችን ስለዚያ ዘመን ብዙ የሚሉት አላቸው። በዚህች ከተማ የሐምሌ ሙቀት ሊጥ ፈጥኖ እየቦካ ሲያስቸግር፣ እንጀራው እንዳይኮመጥጥ እናቶቻችን የሚያደርጉትም መጻፍ ያለበት እውቀት ነው። ከአገር ቤት ገና ለምትመጣ ሙሽራ ከብዙ ምክር ይልቅ እርሱ ይጠቅማታል።

ታዲያ እንዴት እንሰብስበው? «ታሪክዎን ጽፈው ያምጡ» ብንል ማንም አያመጣም። ቡና ሲፈላ አጠገባቸው እንቀመጥና ስለ አንድ ነገር ብቻ እንጠይቅ። «መጀመሪያ ሲመጡ የት ካርትዬ ተከራዩ? ኪራዩ ስንት ነበር? ጎረቤትዎ ማን ነበር?» ከዚያ በኋላ ወሬው ራሱ ይመጣል። የጻፍነውንም ከመታተሙ በፊት ለባለቤቱ እናንብብለት። ስሙ ተሳስቶ የታተመበት ሰው ሁለተኛ አያወራንም።

በእኛ መጽሔት ላይ በተለይ ሁለት ነገሮች ጥንቃቄ ይሻሉ። አንደኛው ዓመተ ምሕረት ነው። ጅቡቲ ነፃ የወጣችው ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆች ደግሞ ጁን 27 ቀን 1977 ይባላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳይገለጽ «በ69» ብሎ መጻፍ ግን አንባቢን ያሳስታል። ሁለተኛው ሰዓት ነው። «ስብሰባው በ3 ሰዓት» ብለን ስናውጅ ከአገር ቤት የመጣው ጠዋት ይመጣል፤ እዚህ ተወልዶ በፈረንሳይኛ የተማረው ከሰዓት በኋላ ይመጣል። «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ብለን ብንጨምር ሁሉም አብሮ ይገኛል።

ከዚህ የሚከብድም አለ። በመካከላችን የመኖሪያ ወረቀት የሌላቸው ወገኖች አሉ፤ በኦቦክ በኩል ወደ የመን ለመሻገር የሚያልፉም አሉ። የእነርሱን ስም፣ ፎቶግራፍና ሰፈር ማተም ጉዳት ሊያመጣባቸው ይችላል። ሳይፈቅዱ አናትም። ቢፈቅዱም እንኳ ማንነታቸውን መግለጡ ያስፈልግ እንደሆነ ደግመን እናስብ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 በጎዶሪያ አቅራቢያ በተከታታይ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው በአሥሮች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን አልቀዋል። እንዲህ ባለው ጊዜ አገር ቤት ያለች እናት የልጇን ስም ትፈልጋለች። ከሰው አፍ ብቻ ሰምተን ስም ብናወጣ የሞተውን በሕይወት አለ፣ በሕይወት ያለውን ሞተ እንል ይሆናል። ከሚመለከተው ክፍል ያላረጋገጥነውን አንጻፍ።

ወደ ማጠቃለያዬ ልምጣ። ማኅበራችን አባል ሲያርፍ ከቀብር ቀርቶ አያውቅም። ነገር ግን የሕይወት ታሪክ ሊነበብ ሲል የት እንደ ተወለደ፣ መቼ እንደ መጣ፣ ማንን እንደ ረዳ የሚያውቅ ሰው ይጠፋል። በሃያና በሠላሳ ዓመት ድካም የተሠራ ሕይወት በአራት መስመር ያልቃል። ያንን ገጽ ሰውየው በሕይወት ሳለ፣ ራሱ እያረመው ብንጽፈው ምን አለበት?

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። በዚህ ዓመት እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ገጽ ይስጠን። አያት ይንገሩ፣ ልጅ ይጻፍ፤ ልጁም በዚያው አማርኛውን ያጠናክራል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፣ ሥራውን ለሁለትና ለሦስት አዘጋጆች ብቻ አንተወው። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ልጆቻችን የሚወርሱት ይኑራቸው።