ኮንዶሚኒየምና ታውንሃውስ፤ የቤት ዋጋ ሲገመት
(በዕድራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዕድር የቆመው ለቀብርና ለሐዘንተኛ ነው፤ ታዲያ የቤት ዋጋ ምን አገባው የሚል አይጠፋም። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ አባላችን ሲያርፍ፣ ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ቤተሰቡን የሚጠብቀው ትልቁ ጉዳይ ቤቱ ነው። በአሜሪካ ሕግ ወራሽ ቤቱን ሲሸጥ የትርፉ ግብር በአብዛኛው የሚሰላው ሟቹ ከገዛበት ዋጋ ሳይሆን፣ ባረፈበት ዕለት ቤቱ ካወጣው የገበያ ዋጋ ተነሥቶ ነው። ስለዚህ ግምቱ በትክክል መሠራት አለበት።

እዚህ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ብዙዎቻችን የምንኖረው በኮንዶሚኒየም ወይም በታውንሃውስ ነው። ሁለቱን ግን ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። ታውንሃውስ የአሠራር ስም ነው፤ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዞ በረድፍ የተሠራ፣ የየራሱ የውጭ በር ያለው ቤት ማለት ነው። ኮንዶሚኒየም ግን የባለቤትነት ስም ነው፤ ይኸውም ባለቤቱ የራሱን ክፍል ለብቻው፣ መሬቱንና ጣራውን ደግሞ ከሌሎች ጋር በጋራ ይይዛል። እንግዲህ መልኩ ታውንሃውስ፣ ሰነዱ ኮንዶሚኒየም የሆነ ቤትም አለ ማለት ነው! መልኩን አይታችሁ አትፍረዱ፤ ሰነዱን አውጥታችሁ አንብቡ።

ገማቹም የሚጀምረው ከዚያው ነው። መሬቱ የባለቤቱ የሆነ ታውንሃውስ በአብዛኛው የሚለካው በውጭ ግድግዳው ነው፤ የአፓርታማ ኮንዶሚኒየም ግን በውስጥ በኩል ይለካል። ስለዚህ የሁለቱን ስኩዌር ፊት እንዲሁ ማወዳደር አያዋጣም። የሚወዳደረውም በቅርቡ ከተሸጠ መሰሉ ጋር፣ ከተገኘ ከዚያው ግቢ ነው።

የወር መዋጮውም ዋጋ ላይ ይገባል። የኮንዶሚኒየም መዋጮ ብዙውን ጊዜ ከፍ ይላል፤ ነገር ግን የጣራውን፣ የውጭ ግድግዳውንና የሕንፃውን ኢንሹራንስ ወጪ ይሸፍናል። የታውንሃውሱ ዝቅ ቢልም፣ ጣራው ሲያፈስ ወጪው ባብዛኛው የባለቤቱ ነው። «ስንት ነው?» ብቻ ሳይሆን «ምን ይሸፍናል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሣጥኑንም ጠይቁ። ሣጥኑ ባዶ የሆነ ዕድር ሰው ሲሞትበት ምን ይሆናል? ያው በሩጫ ያዋጣል። የቤት ማኅበርም መጠባበቂያ ከሌለው፣ አሳንሰሩ ሲበላሽ በየአባሉ ላይ ልዩ መዋጮ ይጥላል፤ ይህም የቤቱን ዋጋ ያወርዳል። በፍሎሪዳ በሰርፍሳይድ ከተማ በ2021 እ.ኤ.አ. አንድ የኮንዶሚኒየም ሕንፃ ተደርምሶ 98 ሰዎች ከሞቱ ወዲህ፣ አበዳሪዎች መጠባበቂያውንና ጥገናውን አጥብቀው ይጠይቃሉ። የሜሪላንድ ክፍለ ግዛትም በ2022 እ.ኤ.አ. ማኅበራት የመጠባበቂያ ጥናት እንዲያስጠኑ በሕግ ደንግጓል።

በመጨረሻም፣ የቤት መዋጮ በሞት አይቆምም። ሳይከፈል ከተጠራቀመ ማኅበሩ ቤቱን በዕዳ ሊያሲዘው ይችላል። ስለዚህ የባለቤትነት ሰነዱን፣ የማኅበሩን ደንብና በጀት፣ የኢንሹራንሱንም ወረቀት ባንድ ላይ አስቀምጣችሁ፣ ያለበትን ቦታ ለትዳር ጓደኛችሁ ወይም ለልጃችሁ ዛሬውኑ ንገሩ። ሐዘን የደረሰበት ቤተሰብም ፈቃድ ያለው ገማች ጠርቶ፣ ግምቱ ሟቹ ባረፈበት ዕለት ዋጋ እንዲሠራለት ይጠይቅ።

ዕድሜና ጤና ይስጠን።