በወንጌሉ ኅዳግ የተጻፉ ስሞች
በሐዋሳ ለአጥቢያ ጸሐፊዎች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



አንዲት እናት የቅድመ አያታቸውን ጋብቻና ርስት የሚያስረዳ ጽሑፍ ፍለጋ ወደ እኛ መጥተው ነበር። ቅድመ አያታቸው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከሸዋ ዘምተው በሲዳማ የቀሩ ወታደር ናቸው። ሐዋሳ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተቆረቆረች ከተማ በመሆኗ፥ ፍለጋችን በደጋው ወዳሉት ቀደምት አድባራት ሆነ።

ርስትን በወንጌል መጻፍ የቆየ ሥርዓታችን ነው። የሽመዛናው ደብረ ሊባኖስ የወርቅ ወንጌል ንጉሥ ላሊበላ የሰጠውን መሬት መዝግቦ ይዟል፤ የንግሥት መስቀል ክብራም ስም በዚያው ይገኛል። በጎንደር አድባራት መጻሕፍት ደግሞ ሽያጩና ውርሱ ከነምስክሮቹ ሰፍሯል፤ ሴቶችም በስማቸው መሬት ሲሸጡና ሲያወርሱ እናነባለን።

እኛ ግን ገና ከመነሻው ተቸገርን። እኚህ እናት የሚያውቁት የወታደሩን የዓለም ስም ነው፤ መጽሐፉ የያዘው ስመ ክርስትናውን። ያገናኙልን በፍትሐት ሲጠራ የሰሙትን ስም ያልዘነጉ አንድ አረጋዊ ካህን ናቸው። ጋብቻውም በሰማንያ፥ በሽማግሌ ፊት የተፈጸመ ስለነበረ በቤተ ክርስቲያን አልተጻፈም፤ የተጻፈው ባልና ሚስቱ በስተርጅና ሲቆርቡ ነው። መሬቱ በኅዳጉ ላይ በአንድ መስመር ተገልጿል። ቀድሞ ያርሰው የነበረው የሲዳማ ገበሬ ግን በዚያ መስመር ስም የለውም፤ ይህን ሳንናገር ብናልፍ ንባባችን ጎደሎ ይሆናል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ታውጇልና፥ ያች መስመር ዛሬ ርስት አታስመልስም። እናታችንም መሬት አልጠየቁም። «ቅድመ አያቴ ሲዳማ ናት ይሉናል፤ እናት አባቷ ማን ብለው ይጠሯት ነበር?» አሉን። መጽሐፉ የሚለው ወለተ ማርያም ብቻ ነው። በአንድ አጥቢያ ስንት ወለተ ማርያም እንዳለች እናንተ ታውቃላችሁ! የምንመልሰው አጥተን ዝም አልን።

ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ጋብቻን መንግሥትም ይመዘግባል፤ ሆኖም የእናንተን መዝገብ አይተካውም። ስለዚህ ዛሬ በምናድላችሁ መዝገብ ከስመ ክርስትናው ቀጥሎ ለዓለም ስም፥ ለአባት፥ ለእናትና ለትውልድ ቀበሌ ቦታ ተትቷል። ሙሽሪትን ስሟን ከራሷ አንደበት ጠይቁ፤ የባሏ ወገን ሲመልስላት አትጻፉ። ቀለሙም ውኃ የማይፈታው ይሁን።