ፈትዋው ከተሰጠ በኋላ፦ ከወለድ ነፃ ባንክና የሸሪዓ ቁጥጥር



አንድ ነጋዴ የማሽን መግዣ ገንዘብ አጠረው እንበል። ወለድ ስለማይፈልግ የሙራባሃ ውል ይዋዋላል። ባንኩ ማሽኑን በራሱ ስም ይገዛል፤ ከዚያም የገዛበትን ዋጋና ትርፉን በግልጽ አሳውቆ በጊዜ ክፍያ ይሸጥለታል። ትርፉን የተፈቀደ የሚያደርገው፣ ንብረቱ በባንኩ ይዞታ ሥር ሳለ ጉዳት ቢደርስበት ኪሳራው የባንኩ መሆኑ ነው። ባንኩ ለአፍታ እንኳ ባለቤት ሳይሆን ሰነዶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከተፈረሙ ግን የቀረው ስሙ የተለወጠ ወለድ ነው።

የሸሪዓ አማካሪ ቦርድ የውሉን ረቂቅ ያጸድቃል፤ ግድፈቱ የሚፈጸመው ግን በቅርንጫፍ ውስጥ ነው። ስለዚህ ፈትዋ ብቻውን ተገዢነትን አያረጋግጥም። የግዢና የሽያጩን ቅደም ተከተል በየደረሰኙ የሚመረምር የሸሪዓ ኦዲት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ችግር ነፃነት ነው። የቦርዱን አባላት የሚመርጠውም አበላቸውን የሚከፍለውም አብዛኛውን ጊዜ ባንኩ ራሱ ነው። የዑለማውን ታማኝነት መጠራጠሬ አይደለም። በግለሰብ ታማኝነት ላይ ብቻ የቆመ አሠራር ለታማኙም ሸክም ነው ማለቴ ነው።

ሦስተኛው የመጨረሻው ቃል የማን ነው የሚለው ነው። ዳና ጋዝ የተባለው የሻርጃ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ራሱ ያወጣው 700 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሱኩክ ከሸሪዓ ጋር አይስማማም ብሎ ክፍያ አቆመ። የለንደን ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት መልሶ የመግዛት ግዴታው በእንግሊዝ ሕግ የጸና ነው ሲል ፈረደ፤ ጉዳዩ በ2018 በስምምነት ተቋጨ። ዳኛው በውል ካልታወቀ ሃይማኖታዊው መመዘኛ ለባለዕዳ ማምለጫ ሊሆን ይችላል።

ማሌዢያ ለዚህ በሕግ መልስ ሰጥታለች። በማዕከላዊ ባንኳ ሥር በ1997 የተቋቋመው የሸሪዓ ምክር ቤት ውሳኔ፣ በ2009ኙ ሕግ መሠረት ባንኮችንም ፍርድ ቤቶችንም ያስገድዳል። መፍትሔው ግን ያለ ክርክር አልጸናም። የዳኝነት ሥልጣንን ይነጥቃል የሚል አቤቱታ ቀርቦ፣ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ሰጪ አካል በ2019 ሕጉን ያጸናው በ5 ለ4 ድምፅ ነው።

በአገራችን መደበኛ ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎት በመስኮት እንዲሰጡ የፈቀደው መመሪያ በ2011 ወጣ፤ በ2021 ዘምዘምና ሂጅራ ሙሉ ከወለድ ነፃ ባንኮች ሆነው ሥራ ጀመሩ። ዘርፉ ገና ወጣት በመሆኑ ልማዱ ሳይደነድን ሦስት ጥያቄዎችን እንጠይቅ። የሸሪዓ ቦርዱን አባል ማን ይሾማል፣ ማንስ ያሰናብታል? የሸሪዓ ኦዲቱ ግኝት ለአስቀማጩ ይገለጻል? ከደንቡ ውጭ የተገኘ ገቢስ ለበጎ አድራጎት መዋሉ በምን ይታወቃል?

አስቀማጩ መጋዘን ገብቶ ማሽኑ የማን እንደነበር ሊያጣራ አይችልም። ለባንኩ በአደራ የሰጠው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ሕሊናውንም ጭምር ነው። የጠፋ ገንዘብ ሊተካ ይችላል፤ ሳያውቅ ወለድ የበላ ሰው ሕሊና ግን በካሳ አይመለስም።