ማዳበሪያ የበላ በቆሎ ያሳምማል ወይ?

(ጉኑኖ ላይ ከንባብ ትምህርት በኋላ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ሳምንት «ማዳበሪያ» የሚለውን ቃል በሰሌዳው ላይ ስንጽፍ አንድ አባት ከኋላ ተነሡና እንዲህ አሉን። «ልጆቼ፣ ቃሉንስ አነበብነው። ነገር ግን አያቶቻችን በፍግ የበቀለ እንሰትና ጎደሬ በልተው ብርቱ ነበሩ። እኛ ማዳበሪያ የበላ በቆሎ እየበላን ሆዳችን ይነፋል። ይህ ነገር በሽታ አያመጣም ወይ?» አንዲት እናት ደግሞ ቀበል አድርገው «ማዳበሪያ ባይኖር ልጆቼ በረሃብ ባለቁ ነበር!» አሉ። ክርክሩ ጦፈ፤ ትምህርቱም በዚያው ቀረ። እኛም የምንመልሰው አልነበረንምና ጥያቄውን ይዘን ሄድን።

ስንወጣ ግን ሌላ ነገር ሰማን። አንዲት እናት ከዘር የተረፈ ቀይ በቆሎ ቤታቸው እንዳለና አጥበው ሊያስፈጩት እንዳሰቡ ነገሩን። እባክዎ አይንኩት አልናቸው። ለምን እንዳልን ዛሬ ለሁላችሁም እንነግራለን፤ አስቀድመን ግን የአባታችንን ጥያቄ እንመልስ።

በዚህ አገር ማዳበሪያ የትናንት እንግዳ አይደለም። በ1962 ዓ.ም. ገደማ ሥራ የጀመረውና ዛሬ የሌለው የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ሽማግሌዎች «ዋዱ» የምትሉት፣ ምርጥ የበቆሎ ዘርና ማዳበሪያ በዱቤ ያድል ነበር። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ በቤታችሁ ዙሪያ ያለውን መሬት የሚያበላው ፍግ፣ አመድና የቤት ጥራጊ ነው። ስለዚህ ነው ከእንሰቱ ሥር ያለው አፈር ጥቁር፣ ራቅ ያለው ማሳ ደግሞ ቀይ የሆነው።

እስቲ አሁን ወደ ሥሩ እንውረድ። የበቆሎ ሥር ፍግን እንዳለ አይበላም። በአፈር ውስጥ ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ሕያዋን አሉ፤ ፍጉን አብላልተው ናይትሮጅን የሚባለውን ምግብ በውኃ የሚሟሟ ያደርጉታል። ሥሩ የሚጠጣው ይህን ነው። ዩሪያ የሚባለው ነጭ ማዳበሪያም በአፈር ውስጥ ተለውጦ ወደዚያው ይመጣል። እንግዲህ ሥሩ ዘንድ ሲደርስ ከላም በረት የመጣው ናይትሮጅንና ከፋብሪካ የመጣው አንድ ናቸው።

በእንግሊዝ አገር ሮታምስቴድ በሚባል ቦታ እ.ኤ.አ. ከ1843 ጀምሮ አንድ የስንዴ ማሳ ተከፋፍሎ አንዱ ክፍል ፍግ፣ ሌላው የፋብሪካ ማዳበሪያ ይሰጠዋል፤ ሌላው ምንም አይሰጠውም። ሙከራው እስከ ዛሬ አልተቋረጠም። ፍግ የበላውም ማዳበሪያ የበላውም ጥሩ ሰጡ፤ ምንም ያልተሰጠው ግን ከስቶ ቀረ። ፍግ የበላው አፈር ሌላም ጥቅም አገኘ፤ ለስላሳ ሆነ፣ ውኃ መያዝ ቻለ። ማዳበሪያ ብቻ ከዓመት ዓመት የሚበላ ቀይ አፈር ግን እየኮመጠጠ ይሄዳል። ይህ የአፈር በሽታ ነው እንጂ የሰው ሆድ በሽታ አይደለም። አባታችን፣ የሆድዎን መንፋት ሐኪም ይየው እንላለን።

ያለ ፋብሪካ ማዳበሪያና ያለ ፋብሪካ መርዝ የበቀለውን እህል በከተማና በውጭ አገር «ኦርጋኒክ» ይሉታል፤ ዋጋውንም ከፍ ያደርጉታል። በአገራችንም በ1998 ዓ.ም. ስለዚህ አመራረት አዋጅ ወጥቷል። ይህ ምግብ በእርግጥ ለጤና ይበልጣል ወይ ብለው የተማሩ ሰዎች ብዙ ደክመዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከ200 በላይ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመለከቱ፣ ገንቢነቱ ከሌላው ብዙም አይለይም አሉ፤ የተባይ መርዝ ቅሪት ግን በኦርጋኒኩ ላይ አነስተኛ ነው። ከ2 ዓመት በኋላ በእንግሊዝ የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ደግሞ፣ ኦርጋኒኩ አንዳንድ ጠቃሚ ነገሮች በዝተውበት፣ ካድሚየም የሚባል ጎጂ ብረት አንሶበት አገኘነው አሉ። እንግዲህ እነሱም እንደ እናንተ ይከራከራሉ ማለት ነው። በአንድ ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች ይስማማሉ፤ በኦርጋኒኩ ላይ የመርዝ ቅሪት ያንሳል።

ስለዚህ እኛ ጥያቄውን ትንሽ እናዙረው። «እህሉ ማዳበሪያ በልቷል ወይ?» ከማለት ይልቅ «እህሉን መርዝ ነክቶታል ወይ?» ብለን እንጠይቅ።

አሁን ወደዚያ ቀይ ዘር እንመለስ። በ1964 ዓ.ም. በኢራቅ አገር ድርቅ ነበረና መንግሥት ብዙ የስንዴና የገብስ ዘር ከውጭ አገር አስመጣ። ዘሩ እንዳይሻግት ባዜቃ ባለበት መድኃኒት ታሽቷል፤ የታሸ መሆኑም እንዲታወቅ ቀለም ተቀብቷል። ወደ ብዙ ቦታ የደረሰው ግን የመዝሪያው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። ገበሬው ተርቧል፣ እህሉም በእጁ ነው። በጆንያው ላይ «አትብሉ» የሚል ማስጠንቀቂያ ነበረበት፤ የተጻፈው ግን በስፓኝና በእንግሊዝ ቋንቋ ነው! የራስ ቅልና አጥንት ሥዕልም ነበረ፤ ገበሬው ሥዕሉ ምን ማለት እንደሆነ ማን ነግሮት?

አንዳንዱ ለዶሮ ሰጥቶ ሞከረ። ዶሮዋ ለጥቂት ቀን ምንም አልሆነችም። አንዳንዱ አጠበው፤ ቀለሙ ለቀቀ። ቀለሙ ሲለቅ መርዙም የለቀቀ መሰለው፤ መርዙ ግን አለቀቀም። ፈጩት፣ ጋገሩት፣ ከነልጆቻቸው በሉት። ሕመሙ የመጣው ከሳምንታት በኋላ ነው። እጅና እግር ደነዘዘ፣ ሰው እንደ ሰካራም ተንገዳገደ፣ ዓይን ጠፋ። ከ6500 የሚበልጡ ሰዎች ሐኪም ቤት ገቡ፤ ከእነዚህም 459 ሞቱ።

ዛሬ እኛ ዘንድ የሚመጣው ምርጥ ዘር የሚታሸው በባዜቃ አይደለም፤ በሌላ መድኃኒት ነው። ቢሆንም መድኃኒቱ የሻጋታና የተባይ መርዝ ነው፤ ቀለሙም የተቀባው «አትብላኝ» ለማለት ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ጎተራ ባዶ ሲሆን ቀይ በቆሎ ዓይን እንደሚስብ እናውቃለን። ቢያጥቡትም፣ ቢቀቅሉትም፣ ለዶሮ ቢያቀምሱትም አይሆንም። የተረፈውን ለሚዘራ ጎረቤት ስጡ፤ አለዚያም ሕፃን በማይደርስበት ቦታ ለከርሞ አስቀምጡት።

መርዝ ያልተረጨ እህልም ቢሆን በዕቃ ይበከላል። በ2000 ዓ.ም. ጃፓን ከኢትዮጵያ በሄደ ቡና ላይ የተባይ መርዝ ቅሪት አገኘች፤ ግዢዋንም በእጅጉ ቀነሰች። አብዛኛው የቡና ገበሬያችን መርዝ እንደማይረጭ ይታወቃል። ታዲያ ከየት መጣ? ጥርጣሬው የወደቀው በጆንያው ላይ ነው። በገበያ የመድኃኒት ጠርሙስና ጀሪካን ለዘይት መያዣ ሲሸጥ አይተናል፤ እውነቱን ለመናገር እኛም ሳናውቅ ከዚያ ዘይት ሳንበላ አልቀረንም። የመርዝ ዕቃ መቶ ጊዜ ቢታጠብ የምግብ ዕቃ አይሆንም። ቀዳዱት።

የነቀዝ ክኒንም አለ። ከአየሩ እርጥበት ጋር ሲገናኝ ገዳይ ጋዝ ያወጣል። በእናንተ ቤት እህልና ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ፤ ስለዚህ ይህ ክኒን ሰው በሚተኛበት ቤት ፈጽሞ አይገባም። በቆሎን በደንብ ማድረቅና አሮጌውን ከአዲሱ አለመቀላቀል ከክኒኑ ይሻላል።

ፍግ ወዳዶች ደግሞ አትኩሩብን! ትኩስ ፍግ የነካው ጥሬ ጎመንና ካሮት የሆድ ትልና ተቅማጥ ያመጣል። ፍጉ ተከምሮ፣ ግሎ፣ ጥቁር አፈር እስኪመስል ይብሰል። «ተፈጥሮ ነው» ስለተባለ ብቻ ንጹሕ አይሆንም።

ሌላም አለ። በቆሎ ብቻ የሚበላ ሕፃን፣ በቆሎው በፍግም ይብቀል በማዳበሪያ፣ ይከሳል። ቦሎቄ፣ ከደጃችሁ የሚለቀም ሃለኮ፣ ሲገኝም እንቁላልና ወተት ይጨመርለት። እንቁላሉን ሁሉ ለገበያ የምታወጡ እናቶች፣ የጨውና የሳሙና ነገር እንደሚያስጨንቃችሁ እናውቃለን፤ ቢሆንም ከአምስቱ አንዱ እቤት ይቅር።

የሚቀጥለው ትምህርት ማክሰኞ ነው። የዘርና የማዳበሪያ ባዶ ጆንያ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። የመርዝ ጠርሙስ ግን አታምጡ፤ በላዩ ያለውን ጽሑፍ እኛ በትልቅ ወረቀት ገልብጠነዋል። መጀመሪያ የምናነበው በቀይ የተጻፈውን መስመር ነው፤ ቀጥሎም ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ሳይለቀም መቆየት እንዳለበት የሚናገረውን። ቀይ ዘር ያላቸው እናታችን መጀመሪያ ያነባሉ፤ ተስማምተናል።