ከስልክ ላይ የተሰረዘ ፎቶግራፍ እንዴት ይመለሳል?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ በስብሰባው ላልተገኙ ነዋሪዎች ሲባል በሰሌዳው ላይ የወጣ)



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ እንደ ውሃና እንደ መንገድ ሁላችንንም በአንድ ጊዜ የሚያስጮህ አይደለም። ነገር ግን በየቤቱ ገብቶ ሲያስለቅስ አይተናል። ይኸውም ከስልክ ላይ የጠፋ ፎቶግራፍ ነው። «ልጁ ሲነካካው ጠፋ»፥ «ሞላ ሲለኝ ሰረዝሁት»፥ «ለጥገና ሰጥቼው ባዶውን መለሱልኝ» የሚል አቤቱታ ወደ ኮሚቴው ሲመጣ ቆይቷል። ስለዚህ የሚቻለውንና የማይቻለውን ለይተን ብንነጋገርበት ይጠቅማል ብለናል።

«ይህማ የልጆች ጨዋታ ነው» የሚል ቢኖር ትንሽ ይታገሠን። ቀድሞ ፎቶግራፍ በፎቶ ቤት ተነሥቶ፥ ታትሞ፥ በመስተዋት ተደርጎ ግድግዳ ላይ ይሰቀል ነበር። ዛሬ የሠርጉም፥ የክርስትናውም፥ የተስካሩም ፎቶ ያለው በአንዲት ስልክ ውስጥ ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በከተማችን ላይ ባለፈ ጊዜ ዘመድ የተለየን ብዙዎች ነን። ከዚያ ሰው የቀረልን መልክ በስልክ ላይ ያለው ብቻ የሆነብንም አለን። አስጐብኚ ወንድሞቻችን ደግሞ በገና ዕለት በቤተ ማርያም ቤዛ ኩሉ ሲዘመር፥ በይምርሐነ ክርስቶስና በአሸተን ማርያም ያነሡት የዓመታት ፎቶግራፍ እንጀራቸው ነው።

ከዚህም ሌላ የቅርስ ጉዳይ አለ። አፍሮ አይገባ የተባለው መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ቤልጅግ ድረስ ከሄደ በኋላ በ1993 ዓ.ም. መመለሱን የምናስታውስ አለን። ቅርስ ሲጠፋ «ይህ የእኛ ነው» ለማለት፥ ወይም የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ስንጥቅ ሲሰፋ «ዓምና እንዲህ ነበር» ለማለት ጥርት ያለ ፎቶግራፍ ማስረጃ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

መጀመሪያ የሚደረገው ነገር አለማድረግ ነው። ፎቶው እንደ ጠፋ ስታውቁ በዚያ ስልክ ሌላ ፎቶ አታንሡ፤ ቪዲዮ አታውርዱ፤ አዲስ አፕሊኬሽን አትጫኑ። ቴሌግራም በራሱ የሚያወርደውንም አስቁሙት። ምክንያቱን ወደ በኋላ እንናገራለን።

ቀጥሎ ፎቶው በእርግጥ ተሰርዞ እንደሆነ ማየት ነው። ሚሞሪ ካርዱ ከቦታው ተንሸራትቶ ወይም ፎቶው «አርካይቭ» ወደሚባለው ክፍል ገብቶ «ጠፋ» የተባለ አለ። ይህ መጥፋት ሳይሆን መሰወር ነው።

ተሰርዞም ከሆነ ቶሎ ተስፋ አይቆረጥም። ዛሬ በብዙዎቹ ስልኮች «ሰርዝ» የተባለ ፎቶ በቀጥታ አይጠፋም፤ «ትራሽ»፥ «ቢን» ወይም «ሪሳይክል ቢን» በሚባል ማቆያ ውስጥ ይቀመጣል። በሳምሰንግ ጋለሪ 30 ቀን ይቆያል። በጎግል ፎቶስ ደግሞ ወደ ጎግል መዝገብ ቀድሞ የተላከ ከሆነ 60 ቀን፥ ያልተላከና በስልኩ ላይ ብቻ የነበረ ከሆነ 30 ቀን ይቆያል። በእኛ አቆጣጠር ሲሰላ፥ የገና ዕለት ታኅሣሥ 29 የተሰረዘ ፎቶ ያልተላከ ከሆነ እስከ ጥር 29፥ የተላከ ከሆነ እስከ የካቲት 29 ድረስ ይገኛል ማለት ነው። ማቆያውን ከፍታችሁ፥ ፎቶውን መርጣችሁ «ሪስቶር» የሚለውን ስትነኩ ወደ ቦታው ይመለሳል። ቴክኖና ኢንፊኒክስ የያዛችሁም በጋለሪው ውስጥ ይህን ማቆያ ፈልጉ። አንድ ሰው ጋለሪውንም ጎግል ፎቶስንም ሊጠቀም ስለሚችል ሁለቱንም እዩ። ዋናው ነገር «ቦታ ልቆጥብ» ብላችሁ ማቆያውን በችኮላ አታጥቡት።

በማቆያው ከሌለ ፎቶው ከእጃችሁ ወጥቶ የሄደበትን መንገድ ተከተሉ። ለልጅ፥ ለዘመድ፥ ለወዳጅ በቴሌግራም ልካችሁት ነበርን? በቴሌግራም በተለመደው መንገድ የተላከ ፎቶ፥ ከንግግሩ ላይ ካልተሰረዘ በቀር፥ ከስልኩ ቢጠፋም ከዚያው እንደገና ይወርዳል። በዋትስአፕ የተላከ ከሆነ ደግሞ «ሴንት» በሚባለው ማኅደር ውስጥ ቅጂው ሊገኝ ይችላል። ተቀባዩንም ጠይቁ። አዲስ አበባ ወይም ዐረብ አገር ያለች እኅታችሁ ዘንድ ደህና ሆኖ ተቀምጦ ይሆናል። ብዙ ጊዜ የጠፋ ፎቶ የሚገኘው በባለሙያ እጅ ሳይሆን በዘመድ ስልክ ነው።

ይህ ሁሉ ካልሆነ ግን ፎቶው የነበረው የት ነው የሚለው ጥያቄ ይመጣል። በሚሞሪ ካርድ ነው ወይስ በስልኩ በራሱ ሆድ ውስጥ?

በሚሞሪ ካርድ ከሆነ ተስፋ አለ። ነገሩ እንደ መሬት መዝገብ ነው። ካርዱ ላይ ፎቶ ሲሰረዝ የሚፋቀው በመዝገቡ ላይ ያለው ስም ነው፤ ቤቱ ገና እንደቆመ ነው። ሌላ ሰው መጥቶ በቦታው እስኪሠራበት ድረስ አይፈርስም። መጀመሪያ «አዲስ ፎቶ አታንሡ» ያልነው በዚህ ምክንያት ነው፤ አዲሱ ፎቶ በአሮጌው ቤት ላይ የሚሠራ ቤት ነውና። ስለዚህ ስልኩን አጥፍታችሁ ካርዱን አውጡ፤ በካርድ ሪደር ከኮምፒዩተር ጋር አገናኙት። ፎቶሬክ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ በነጻ ይገኛል። ለዊንዶውስ ኮምፒዩተር ሪኩቫ የሚባልም አለ። የሚያገኙትን ፎቶ በዚያው ካርድ ላይ ሳይሆን በኮምፒዩተሩ ላይ አስቀምጡ። ፎቶሬክ የቀድሞውን ስም ስለማይመልስ ከብዙ መቶ ፎቶ መካከል አንድ በአንድ መልቀም ይጠይቃል፤ ትዕግሥት ይኑራችሁ። ኮምፒዩተሩ «ካርዱ ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ቢጠይቃችሁ እሺ አትበሉት። ካርዱ እንደ ስልኩ ውስጣዊ ማኅደር ሆኖ እንዲሠራ ተደርጎ ከነበረ ግን የተቆለፈ ነው፤ ሌላ መሣሪያ አያነበውም።

በስልኩ ሆድ ውስጥ የነበረና ከማቆያውም የወጣ ከሆነ እውነቱን እንናገር፤ አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። የዛሬ ስልኮች በውስጣቸው ያለውን ሁሉ በምስጢር ቁልፍ ቆልፈው ነው የሚያስቀምጡት። ከአንድሮይድ 10 ወዲህ በሚወጡ አዲስ ስልኮች ላይ ይህ ግዴታ ሆኗል። ፎቶው ሲሰረዝ ቁልፉም አብሮ ይሄዳል፤ ስልኩም ባዶ የሆነውን ቦታ በራሱ ጊዜ ያጸዳዋል። ቤቱ ቆልፎ ቁልፉን ተከዜ እንደ መወርወር ነው። በተለይ ስልኩ «ሪሴት» ወይም «ፍላሽ» ከተደረገ በኋላ ከስልኩ ውስጥ የሚገኝ ነገር የለም። ስለዚህ ለጥገና ስትሰጡ «ፍላሽ ታደርገዋለህ ወይ?» ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ካደረገው በፊት ፎቶው ይገልበጥ።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ ማታለል እናሳስባለን። «የተሰረዘውን ሁሉ እመልሳለሁ» የሚሉ አፕሊኬሽኖች ብዙ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳዩአችሁ ጋለሪው ለራሱ ያስቀመጣቸውን ደቃቅ ምስሎች ነው፤ ሲያጎሉት ይደበዝዛል። ሌላ መልክ ያልቀረው ሰው ለዚያችም አመስጋኝ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሳያሳይ አስቀድሞ ገንዘብ ለሚጠይቅ አትክፈሉ። ስልኩንና የይለፍ ቃሉን ለማታውቁት ሰው መስጠትም የቤት ቁልፍን ከነገበናው ማስረከብ ነው።

ከማስመለስ ይልቅ ማስቀመጥ ይቀላል። ጎግል ፎቶስ እስከ 15 ጊጋባይት በነጻ ያስቀምጣል፤ ይህም ከኢሜይሉና ከሌላው ፋይል ጋር ተደምሮ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚያ ውስጥ «ሰርዝ» ካላችሁ ከስልኩም ከመዝገቡም ይሄዳል። ቦታ ለማስለቀቅ ብቻ ከሆነ «ፍሪ አፕ ስፔስ» የሚለውን ተጠቀሙ፤ ይህ ቀድሞ የተላከውን ከስልኩ ብቻ ያነሣል።

ደግሞም ኢንተርኔት ሁልጊዜ አይኖርም። በጦርነቱ ጊዜ መብራትም ስልክም ተቋርጦ ከርሟል። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮም በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ጠፍቶ ነበር። ያን ጊዜ የተነሣ ፎቶ ሁሉ ያለው በስልክ ላይ ብቻ ነበርና ስልኩ የጠፋበት ሰው ሁሉንም አጣ። ስለዚህ ኢንተርኔት የማይጠይቀውን መንገድ እንልመድ። በዜንደር ወይም በኩዊክ ሼር ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል። በኬብል ወደ ኮምፒዩተር ይገለበጣል። ቅጂው ከእናንተ ቤት ውጭ፥ በዘመድ ወይም በጎረቤት ቤት ቢቀመጥ ይበልጥ ይሻላል፤ እሳትና ሌባ ሁለት ቤት በአንድ ጊዜ አይገቡምና። በቴሌግራም ስትልኩ በፎቶ ሳይሆን በፋይል መልክ ብትልኩት ጥራቱ አይቀንስም። የሟችን፥ የወላጅን፥ የሠርግን ፎቶ ደግሞ ለይታችሁ በፎቶ ቤት አሳትሙ። ወረቀት ቻርጅ አይፈልግም።

በመጨረሻ ለወጣቶቻችን አደራ አለን። ቅዳሜ ከገበያ መልስ አንድ ግማሽ ሰዓት ወስዳችሁ የእናታችሁን፥ የአያታችሁን፥ የጎረቤታችሁን ስልክ እዩላቸው፤ ሲፈቅዱላችሁ፥ እነርሱም እያዩ። ማቆያውን አሳዩአቸው፤ የሚወዱትን ፎቶ በሁለት ቦታ አስቀምጡላቸው። እናንተም እናቶች ፎቶ በጠፋ ዕለት ልጅ አትቆጡ፤ ስልኩን አስቀምጡና የሚያውቅ ጥሩ። አንድ ቀን የዘገየ ሰው ብዙ ጊዜ ያገኛል፤ 60 ቀን የዘገየ ግን ላያገኝ ይችላል።